ማኅተም የሌላት ዶሮ

በባሕር ዳር ከተማ ሥጋ ቤት ገብቶ የበሬ ሥጋ የሚገዛ ሰው ከተሰቀለው ብልት ላይ የቄራውን ማኅተም ፈልጎ ቢያጣ የመጠየቅ መብት አለው። በዚህ መብት የሚጠቀመው ስንቱ ነው የሚለው ሌላ ነገር ነው። ማኅተሙ ግን አለ። ከማኅተሙ ጀርባም አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ መዝገብ፣ «ይህ አይበላም» ብሎ የመጣል አንድ ሥልጣን አለ። ይኸው ሰው ጥቂት ተራምዶ ወደ አንዱ ሱፐርማርኬት ይግባና በላስቲክ ተጠቅልላ፣ በረዶ ለብሳ የተኛችውን ዶሮ ያንሣ። ማን አረዳት? መቼ ታረደች? በምን ውኃ ታጠበች? መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ስንት ጊዜ ቀልጣ ስንት ጊዜ ተመልሳ በረደች? የትልልቆቹ ድርጅቶች ምርት ከሆነች ስምና ቀን ይኖራት ይሆናል። ካልሆነች ያላት የዋጋ ወረቀት ብቻ ነው።

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይሉኛል ወዳጆቼ፤ አርፈህ ወጥህን ብላ ለማለት ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና አላርፍም። የማስተምረው የሕዝብ አስተዳደር ነው፤ በእኔ ዓይን ደግሞ የዶሮ ሥጋ ንጽሕና የወጥ ቤት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በአገራችን የንጽሕና ነገር በተነሣ ቁጥር ጣታችን ወዲያው የሚቀሰረው ወደ እናቶችና ወደ ቤት ሠራተኞች ነው፤ «እጃችሁን ታጠቡ፣ መክተፊያችሁን ለዩ፣ በደንብ አብስሉ» እንላለን። ምክሩ ልክ ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ ያልሠራውን ሥራ በሙሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጭኖ ዘወር የማለት ብልሃትም ነው!

እስቲ ከራሳችን ከተማ እንጀምር። በ2000 ዓ.ም. በዚሁ በባሕር ዳር ሁለት ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ዶሮዎችን ኩስ መርምረው ነበር። ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ የተገኘው በ72.7 በመቶዎቹ ውስጥ ነው። በዚያው ጥናት ተቅማጥ ይዟቸው ለሕክምና ከመጡ ከ200 በላይ ሰዎች 8 በመቶ ያህሉ ይኸው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የውጭ አገር ሳይንሳዊ መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ታተመ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ናሙናው የተሰበሰበው ከእኛ ዶሮዎችና ከእኛ ሕመምተኞች ነው፤ የምንኖረው እዚሁ ነን። በገበያው መግቢያ ላይ በአማርኛ ተጽፎ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም። ተመራማሪዎቹን አልወቅስም፤ እነርሱ ሥራቸውን ሠርተዋል። የምወቅሰው ለተመራማሪ በውጭ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ቆጥሮ የማዕረግ ዕድገት የሚሰጠውን፣ ያንኑ ውጤት ለከተማው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ለነገረው ግን አንዲት ነጥብ የማያስመዘግብለትን ሥርዓት ነው።

ኩስ ሥጋ አይደለም የሚል ጠያቂ ይኖራል፤ ልክ ነው። ከኩስ ወደ ሥጋ የሚያሻግረው ድልድይ ዕርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ለሽያጭ የቀረበ ጥሬ ሥጋ ከ500 በላይ ናሙና ወስዶ ይህንኑ ባክቴሪያ ፈልጎ ነበር። በበሬ ሥጋ 6.2፣ በፍየል 7.6፣ በበግ 10.5፣ በዶሮ ሥጋ ግን 21.7 በመቶ ተገኘ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተሙ ሥራዎች፣ ሳልሞኔላ በአዲስ አበባ በሚሸጥ የዶሮ ሥጋና ሆድ ዕቃ ውስጥ መገኘቱ ተዘግቧል። የቁጥሩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ትልቁ የብክለት ቁጥር የተመዘገበው ከሁሉ ያነሰ ተቆጣጣሪ ባለው ሥጋ ላይ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ካምፒሎባክተር የሚመቸውም ይኸው ሙቀት ነው። አንጀቷ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል፤ እርሷን ብዙውን ጊዜ አያሳምማትም። ስለዚህ ገዢው በገበያው መሐል ዶሮዋን አንሥቶ፣ ክንፏን ገልጦ፣ ደረቷን ዳስሶ፣ ዓይኗን አይቶ «ይህችስ ጤነኛ ናት» ሲል ፍርዱ ስለ ሥጋዋ ብዛት እንጂ ስለ ባክቴሪያው የሚነግረው ነገር የለም። በሰው ላይ ግን ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል። ለመታመም ጥቂት መቶ የባክቴሪያ ሴሎች ሊበቁ ይችላሉ። ከስንት አንድ ሰው ላይ ደግሞ ከተቅማጡ ሳምንታት በኋላ ነርቭን አጥቅቶ እግርና እጅን የሚያሽመደምድ፣ ጊያን ባሬ የሚባል ሕመም ያስከትላል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ በየግብዣው ሰምቼዋለሁና። «ሐበሻ ዶሮን እንደ ማንም አያጥብም፤ በሎሚ፣ በጨው፣ በዱቄት አሽቶ፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ አጥቦ፣ በ12 ብልት አውጥቶ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ሲያንተከትከው ይውላል። የምን ባክቴሪያ ነው የምታወራው?» ከዚህ ክርክር ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲያውም ኩራት የሚገባው እውነት ነው። በዝግታ ለሰዓታት ከተንተከተከ ወጥ ውስጥ በሕይወት የሚወጣ ካምፒሎባክተርም ሆነ ሳልሞኔላ የለም። የዶሮ ወጥ ሥርዓታችን በእሳቱ በኩል ከብዙዎቹ የዓለም ወጥ ቤቶች የተሻለ ጠባቂ ነው።

ሆኖም ሰው የሚታመመው ከድስቱ ብቻ አይደለም። ሎሚው የባክቴሪያውን ቁጥር ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ያ «እስኪጠራ ድረስ» የተባለው ውኃ በየእጥበቱ እየተረጨ ጠረጴዛውን፣ ሳህኑን፣ የልጁን ጡጦ ይነካል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ሕዝቡን «ጥሬ ዶሮ አትጠቡ» ብሎ ዘመቻ የከፈተው በዚሁ ምክንያት ነበር። እኛ ዘንድ ይህን ማለት ከክህደት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። በጓሮ ታርዶ በእጅ የተነጨ ዶሮን ሳያጥቡ ይቀቅሉት ብዬም አልመክርም፤ ላባም ደምም አለበትና። የምለው ሌላ ነው። ፈረሰኛውን ያወጣችበት ቢላ ሳይታጠብ ለሰላጣው ቲማቲምና ቃሪያ ከዋለ፣ ድስቱ አምስት ሰዓት ቢፈላም ሰላጣው አልፈላም።

ደግሞስ ዛሬ ዶሮ የሚበላው በወጥ ብቻ ነው እንዴ? ከተሜው ኑሮውን ቀይሯል። ከሐይቁ ዳር እስከ ዋናው መንገድ የዶሮ ጥብስ፣ የዶሮ ሳንድዊች፣ ከውጭ ቡናማ ሆኖ ከአጥንቱ ሥር ገና ቀይ የሆነ የተጠበሰ ጭን ይቀርባል። በቤቱ የሚያርድ ሰው ከነጉድለቱ አንድ ነገር ነበረው፤ ዶሮዋን በዓይኑ አይቶ ገዝቷል፣ የታረደችበትን ሰዓት ያውቃል፣ ያንኑ ቀን አብስሏል። ዶሮዋ ሸቀጥ ስትሆን ይህ እውቀት ከእርሱ ወደ ሻጩ ተዛወረ። ሸቀጡ ተቀየረ፤ ቁጥጥሩ ግን አያቶቻችን በጓሮ ሲያርዱ በነበረበት ቦታ ቆመ። የማቀዝቀዣውንም ነገር መናቅ አይገባም። ቅዝቃዜ የካምፒሎባክተርን ቁጥር ይቀንሳል፤ ሳልሞኔላ ግን በረዶውን ችሎ ይቆይና መብራት ጠፍቶ ሥጋው ሲሞቅ ይራባል። መብራቱ ሲመለስ ሥጋው እንደገና ይጠነክራል፤ ደንበኛውም ጠንካራነቱን ነክቶ ትኩስ ነው ብሎ ይገዛል።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። 55 ቀን የጾመ ከተማ በአንድ ሌሊት ሊፈስክ ሲዘጋጅ፣ በገበያው ዳር ወጣቶች ድስት ጥደው፣ ቢላ ስለው ዶሮ አርዶ፣ ነጭቶ፣ በልቶ የማስረከብ አገልግሎት ይሰጣሉ። ሥራ ፈጥረዋልና ሊመሰገኑ ይገባል፤ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ላባው በደቂቃዎች ይረግፋል። ግን ያንን ውኃ ተመልከቱት! የመጀመሪያዋ ዶሮ የተነከረችበት የፈላ ውኃ ለሃያኛዋም ያው ነው፤ ቀለሙ ከጠላ ይጠቁራል፤ ሙቀቱም ከፈላ ቆይቷል። ዶሮዎቹ ሲነከሩ ከአንጀታቸው የሚወጣው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከአንዷ አንጀት የወጣው በሃያዎቹ ቆዳ ላይ ይዳረሳል። ቧንቧ በአቅራቢያው የለም፤ ውኃ በጀሪካን ይመጣል፤ ደሙና ሆድ ዕቃው ወደ ቦዩ ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመጣም ቦዩ ወዴት እንደሚወርድ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ይመስለን ነበር። አንዱን ክፍለ ከተማዋን በግሽ አባይ የሰየመች ከተማ፣ ሕዝቡ ለጠበል ከሩቅ የሚሄድበትን የሰከላን ምንጭ ስም የለበሰች ከተማ፣ ለዶሮ ማረጃ የሚሆን አንድ ቧንቧ ማቆም አቃታት?

ማንን እንጠይቅ? እንግዲህ ወደ ሙያዬ መጣሁ። የዶሮዋ ጤና የግብርናው ጉዳይ ነው፤ ቄራው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሱቁ ፈቃድ የንግዱ፣ የምግብ ቤቱ ንጽሕና የጤናው ነው። ዶሮዋ ከጎጆዋ እስከ ሳህን ስትጓዝ የአራት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ታልፋለች፤ እያንዳንዱ ደግሞ «እኔ ጋ ስትደርስ» ወይም «ከእኔ ከወጣች በኋላ» የሚል መልስ አለው። ኃላፊነት ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ሩብ ይደርሳል ብሎ የሚያስብ የሒሳብ መምህር ነው፤ በአስተዳደር ዓለም ለአራት የተከፈለ ኃላፊነት ውጤቱ ዜሮ ነው። ሕግ ጠፍቶም አይደለም። የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የወጣው በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ጸድቋል። አዋጅ ግን ዶሮ አይነጭም፣ ውኃ አይቀይርም።

ስለ ማኅተም ይህን ሁሉ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ላክል። የቄራው መርማሪ በዓይኑ ኮሶን፣ የጉበት ትልን፣ የሳንባ ነቀርሳን ምልክት ያያል፤ ባክቴሪያን ግን አያይም። ነገ በእያንዳንዷ ዶሮ ላይ ማኅተም ቢመታ ሳልሞኔላው ማኅተሙን ለብሶ ይሸጣል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ማረጃና በየጊዜው ናሙና የሚወስድ ቤተ ሙከራ ነው። ይህን የምለው አንዳንዱ ሹም ጽሑፌን አንብቦ ቀለምና ማኅተም ገዝቶ «ችግሩን ፈታን» እንዳይል ስለምሰጋ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር በአርባ ምንጭ ተጀመረ፤ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ማር፣ ዶሮ በየገበታው እንዲደርስ የታለመ ነው። ዓላማውን የሚጠላ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ሥጋና ዕንቁላል የራቀው ሕፃን የሞላበት አገር ነው ያለን። ነገር ግን በየዜናው የምንሰማው የተከፋፈለ ጫጩትና የተመረተ ዕንቁላል ቁጥር ነው። የዚያ ሁሉ ጫጩት መጨረሻ ካራ መሆኑ የተረሳ ይመስላል። የማረጃ ጣቢያ ቁጥር፣ የተመረመረ ናሙና ቁጥር በዜናው የለም። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ሐረማያ አካባቢ በአንድ ዓመት ዕድሜ ገደማ ባሉ ሕፃናት ላይ የተደረገ ምርመራ ከግማሽ ያህሉ ሰገራ ውስጥ ካምፒሎባክተር አግኝቷል። ይህ ባክቴሪያ ተቅማጥ ሳያመጣ እንኳ አንጀት ውስጥ ሲመላለስ ከሕፃናት ዕድገት መጓደል ጋር እንደሚያያዝ በተለያዩ አገሮች የተደረገ ጥናት አመልክቷል። ልጁ እንዲፋፋ ብለን የሰጠነው ዶሮ፣ ከዶሮው ጋር አብሮ የገባው ደግሞ እንዳይፋፋ ሲያደርገው ይታያችሁ።

«ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚታመም ከሆነ ለምን አንሰማም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ምክንያቱም ሕመሙ በሌላ ስም ይጠራል። ሆዱን የቆረጠው ሰው ክሊኒክ ሲሄድ «አሜባ ነው» ይባላል፤ ትኩሳት ካለው ደም ይወሰድና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይጻፍለታል፤ ቤት የቀረው ደግሞ «ምግቡ አልተስማማኝም»፣ «ዓይን በላኝ» ይላል። ካምፒሎባክተርን በቤተ ሙከራ ለማሳደግ ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየርና 42 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህ በየክሊኒኩ የለም። ያልተፈለገ አይገኝም፤ ያልተገኘ በሪፖርት አይገባም፤ በሪፖርት ያልገባ በጀት አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በአፍሪካ በየዓመቱ 91 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፣ 137,000 ይሞታሉ። ከእነዚህ መካከል የእኛዎቹ «አሜባ» ተብለው የተመዘገቡት ናቸው።

ስሙ የሚያስፈራን ነገር ሲመጣ ግን እንዴት እንደምንሮጥ አይተናል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወሬ ሲነሣ፣ በጉብሬ የዶሮ እርባታ ዶሮዎች ሞቱ ተባለና አገሩ ሁሉ ዶሮና ዕንቁላል እርግፍ አድርጎ ተወ፤ አርቢዎች ከሰሩ፤ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ምርመራው ቫይረሱን አላገኘም። አሁን ስማቸውን የምጠራቸው ባክቴሪያዎች ግን ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፣ ግብረ ኃይልም የላቸውም። ከውጭ ለሚመጣ ሞት ሰልፍ እንወጣለን፤ ከቤት ያለውን እንደ ዘመድ ለምደነዋል።

የሠለጠነው ዓለም ዶሮ ንጹሕ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 በየሱቁ የሚሸጥ ትኩስ ዶሮ ሲመረምሩ 73 በመቶው ካምፒሎባክተር ነበረበት! ከእኛ የኩስ ቁጥር ጋር መመሳሰሉ ያስቃል፤ የእነርሱ ግን በተሸጠው ዶሮ ላይ የተገኘ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። ባለሥልጣኑ ውጤቱን በየሱፐርማርኬቱ ስም ለያይቶ ለሕዝብ አወጣው፤ የማን ዶሮ የባሰ እንደሆነ የቤት እመቤቷ በጋዜጣ አነበበች። ነጋዴዎቹ ጮኹ፣ ከዚያም ሥራቸውን አስተካከሉ፤ ከፍተኛ ብክለት ያለባቸው ዶሮዎች ድርሻ ከአምስት አንድ ገደማ የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በካምፒሎባክተር ሕመም ዓለምን ትመራ ነበር፤ በዶሮ ማረጃዎች ላይ የብክለት ጣሪያ በሕግ ጥላ ማስተካከያ ስታስገድድ፣ በ2008 የታማሚው ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የእናቶችን እጅ መታጠብ በማስተማር ብቻ የመጣ ለውጥ አይደለም። ማረጃውን በመያዝ የመጣ ነው።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሲሚንቶ ወለል፣ የሚፈስ ውኃ፣ የተሸፈነ የቆሻሻ ጉድጓድ፣ ውኃውን የሚያሞቅና የሚቀይር አንድ በርሜል፣ ለወጣቶቹ የሦስት ቀን ሥልጠና፤ ይህ የሀብታም አገር ዕቃ ነው? በየመንገዱ አካፋይ ላይ ለሚተከለው አበባና መብራት ገንዘብ ያገኘ ከተማ ለዚህ አጣ ብሎ ማን ያምናል?

ሌላው መልስ ግን ይከብዳል፤ በቁም ነገርም እወስደዋለሁ። «ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሰው ደም ሲፈስ እያየህ ስለ ዶሮ ደም ትጽፋለህ?» ይለኛል አንዱ ወዳጄ። አዎን፣ እጽፋለሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያልቅ፣ ጨቅላ ልጅ በተቅማጥ የሚሞትበት ዕድል የሚጨምረው በዚሁ ጊዜ ነው። ጦርነት የአስተዳደርን ሥራ ያከብዳል እንጂ አይሰርዝም። ግብር የሚሰበስበው ክፍል በዚህ ሁሉ መሐል ሥራውን አላቋረጠም፤ የሚቆጣጠረው ክፍል ለምን ብቻውን በጦርነት ያመካኛል?

እንግዲህ ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ከመጪው ፋሲካ በፊት፣ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ ቧንቧና ፍሳሽ ያለው አንድ የዶሮ ማረጃ ይቁም፤ እዚያው በገበያው ዳር ለሚሠሩት ወጣቶች ይሰጥ እንጂ እነርሱን ማባረሪያ አይሁን። በየሩብ ዓመቱ ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ ናሙና ይወሰድ፤ ቤተ ሙከራ በከተማው ዩኒቨርሲቲም በክልሉም አለ። ውጤቱ በአማርኛ፣ በሱቁ ስም፣ በበሩ ላይ ይለጠፍ። ከአራቱ መሥሪያ ቤቶች የትኛው ይህን እንደሚፈርም በስም ይገለጽ። ይህን ጽሑፍ አትሜ ለአራቱም መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ክፍል አስገባለሁ፤ መልስ የሚልክ ኃላፊ ካለ አንዲት ቃል ሳልቆርጥ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ፤ ዝም ያለውንም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ከነደብዳቤው ቀንና ቁጥር።